«ሁሉም ነገር ድሮ ቀረ» ለሚለው ጽሑፍ፦ ስለ ኮምፒውተር፣ ስለ ፊልም፣ ስለ በረዶ ሆኪና ስለ ጌም የተሰጠ ምላሽ

አሮጌ ኮምፒውተሮችንና የጌም ካሴቶችን የሚሰበስቡ፣ ፊልም የሚወዱና የበረዶ ሆኪን ለብዙ ዓመታት የተከታተሉ አንድ ጸሐፊ በቅርቡ ረዘም ያለ አስተያየት ጽፈዋል። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፤ አራቱም የሚወዷቸው ነገሮች ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ተበላሽተዋል፤ ያበላሻቸውም ኮምፒውተር ልኩን አልፎ በሁሉም ቦታ መግባቱ ነው። የድሮው ኮምፒውተር ባለቤቱ ከላይ እስከ ታች የሚያውቀው ዕቃ ነበር፤ የድሮው ፊልም በእጅ የተሠራና በእውን የነበረ ነገር ያሳይ ነበር፤ የድሮው ሆኪ የተጫዋቾቹ ፊት የሚታይበት፣ በካሜራና በቁጥር ያልታሰረ የወንዶች ጨዋታ ነበር፤ የድሮው ጌም ደግሞ ተጠናቆ ይሸጥና የገዛው ሰው ንብረት ሆኖ ይቀር ነበር ይላሉ።

እኔም በእነዚሁ አራት ነገሮች ፍቅር የተያዝኩ ሰው ስለሆንኩ ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊው የሚናገሩለትን ነገር ከልብ እንደሚወዱት ከየአንቀጹ ያስታውቃል፤ በዚህ አከብራቸዋለሁ። ዋናው ድምዳሜያቸው ግን ትክክል አይመስለኝም። ዘመን አበጥሮና አንጓሎ ፍሬውን ብቻ ያስቀረላቸውን ድሮ ገና ካልተበጠረው ዛሬ ጋር ያወዳድራሉ። ከዚህም በላይ በእርግጥ እየጠፋ ያለ ነገር እያለ ወቀሳቸውን ጥፋቱ ወደሌለበት ወገን አዙረዋል። ነጥቦቹን እርሳቸው ባስቀመጡት ቅደም ተከተል እመልሳለሁ፤ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«የድሮው ኮምፒውተር ሰው የሚረዳው ነበር» የሚለው ነጥብ ከፊል እውነት ነው። በምሳሌነት ያነሱት ኮሞዶር 64 በ1982 በ595 ዶላር ለገበያ ሲቀርብ 64 ኪሎባይት ሜሞሪ ነበረው። ማብሪያው ሲጫን የቤዚክ የፕሮግራም ቋንቋ ትእዛዝ መቀበያ ወዲያው ስክሪኑ ላይ ይመጣል፤ ስለዚህ አንድ ልጅ ዕቃውን በከፈተበት ቅጽበት ፕሮግራም መጻፍ ሊጀምር ይችል ነበር። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ዛሬ ለልጅ የሚሰጠው ታብሌት ይህን በር ዘግቶ መምጣቱ እኔንም ያሳስበኛል። ሶፍትዌር ኮምፒውተሮች ከሚፈጥኑት በላይ እየከበደ ይሄዳል የሚለው ቅሬታም የእርሳቸው ብቻ አይደለም፤ የፓስካል ቋንቋ ፈጣሪ ኒክላውስ ቪርት በ1995 ይህንኑ ጽፈዋል። ልብ ማለት የሚገባን ግን ቪርት ይህን ያሉት ጸሐፊው ወርቃማ በሚሉት ዘመን ውስጥ ሆነው መሆኑን ነው።

ይልቅስ ጸሐፊው ጨርሶ ያላነሱት ጥያቄ አለ፤ ያ ቀላል ኮምፒውተር የማንን ቋንቋ ይጽፍ ነበር? በዘመኑ ኮምፒውተሮች ለእያንዳንዱ ፊደል መለያ ቁጥር የሚሰጠው አስኪ የተባለው ሠንጠረዥ 128 ቦታዎች ብቻ ነበሩት፤ ከእነዚህም የሚታዩ ምልክቶች የሚይዙት 95 ናቸው። ወደ 8 ቢት ሲሰፋም ጠቅላላው 256 ነው፤ ግማሹ ደግሞ አስቀድሞ በላቲን ተይዟል። የእኛ ፊደል 33ቱ ሆሄያት ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሲዘረዘሩ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላዎቹ፣ ሥርዓተ ነጥቡና የግዕዝ ቁጥሮች ገና አልተቆጠሩም። ስለዚህ በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የአማርኛ ሶፍትዌር የሠሩ ባለሙያዎች ሆሄውን ከቅጥያው እየነጠሉ፣ ወይም ፊደሉን በሁለትና በሦስት ፎንት እየከፋፈሉ በላቲኑ ቦታ ላይ ለማሳረፍ ተገደዱ። ሥራቸው የሚደነቅ ነው፤ በጠባብ ቤት ብዙ እንግዳ አስተናግደዋል። ነገር ግን እያንዳንዱ ሶፍትዌር የራሱ አደራደር ስለነበረው በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ይሆን ነበር።

ይህን ከመጽሐፍ አይደለም የማውቀው። አጎቴ የቤተሰባችንን የትውልድ ሐረግ በ1990ዎቹ አጋማሽ በአማርኛ ጽፈው፣ በፍሎፒ ዲስክ ትተውልን አርፈዋል። የጻፉበት ሶፍትዌር ከገበያ ከጠፋ ቆይቷል። ፋይሉን ስከፍተው ያገኘሁት የላቲን ፊደልና የዶላር ምልክት የተደባለቀበት ጽሑፍ ነበር። ከዘመድ ቤት የተገኘ አንድ የታተመ ገጽ ይዤ ምልክቱን ከሆሄው እያዛመድኩ ሠንጠረዥ ሠራሁ፤ 41ዱን ገጽ ወደሚነበብ አማርኛ ለመመለስ ከኅዳር እስከ መጋቢት ፈጀብኝ። የግዕዝ ፊደል ለእያንዳንዱ ሆሄ ቋሚ ቁጥር ያገኘው የዓለም ፊደላት የጋራ የቁጥር ሠንጠረዥ የሆነው ዩኒኮድ በ1999 ባወጣው ሦስተኛ እትሙ ነው። ዛሬ ጸሐፊው ቅሬታቸውን በአማርኛ ጽፈው አዲስ አበባም፣ ቶሮንቶም፣ ቴል አቪቭም የተቀመጠ ሰው ያለ ችግር ያነበበው በዚህ ምክንያት ነው። እርሳቸው «አላስፈላጊ ሸክም» ከሚሉት የሶፍትዌር ክብደት ውስጥ የዓለምን ፊደላት ሁሉ የሚይዘው ሠንጠረዥ፣ ፎንቶቹና የመጻፊያ ዘዴው ይገኙበታል። ያ ሸክም ሲራገፍ መጀመሪያ የሚወድቀው የእኛ ፊደል ነው።

አንድ ነገር ልጨምርና ወደሚቀጥለው ልለፍ። ኮምፒውተርን ከሥሩ መረዳት የሚፈልግ ሰው በሩ አልተዘጋበትም። በ2012 የወጣው ራዝበሪ ፓይ የተባለ ትንሽ ኮምፒውተር በ35 ዶላር የተሸጠው በትክክል ለዚህ ዓላማ ነው፤ ጸሐፊው በናፍቆት የሚያስታውሱትን ልጅነት ዛሬም ለልጅ መስጠት ይቻላል።

ስለ ፊልም የተናገሩትን በአጭሩ እመልሳለሁ፤ ምክንያቱም ያነሷቸው ሁለት ምሳሌዎች ሁለቱም በተቃራኒው ይመሰክራሉ። ጁራሲክ ፓርክን «ከኮምፒውተር በፊት የነበረ ጥበብ» ሲሉ አወድሰዋል፤ በ1993 የወጣው ይህ ፊልም ግን ኮምፒውተር ሕያው እንስሳ ፈጥሮ ማሳመን እንደሚችል ለዓለም ያሳየ ሥራ ነው። ዳይኖሰሮቹ የሚታዩበት ጊዜ 15 ደቂቃ ገደማ ሲሆን በኮምፒውተር የተሠራው ከግማሹ ያንሳል፤ ጥበቡ የትኛውን በማሽን አሻንጉሊት፣ የትኛውን በኮምፒውተር ማሳየት እንደሚገባ መምረጡ ላይ ነበር። ሁለተኛው ምሳሌያቸው በ2015 የወጣው ማድ ማክስ ፉሪ ሮድ ነው፤ መኪኖቹ በእርግጥ በናሚቢያ በረሃ ተነድተዋል፣ ተገልብጠዋልም፤ ነገር ግን በኮምፒውተር የተነካኩት ትዕይንቶች 2,000 ገደማ ይሆናሉ። ጸሐፊው አላስተዋሏቸውም፤ ባለሙያዎቹም የደከሙት እንዳያስተውሏቸው ነበር። በኮምፒውተር የተሠራ ነገር ሁልጊዜ ያስታውቃል የሚል ሰው ያስታወቀውን ብቻ ነው የሚቆጥረው።

«የድሮ ፊልም አንዴ ከወጣ አይነካም ነበር» የሚለውም አያስኬድም። በ1982 የወጣው ብሌድ ራነር በ1992ና በ2007 እየተስተካከለ እንደገና ወጥቷል። ከዚህ ይልቅ የሚያሳዝነው ኮምፒውተር ከመምጣቱ በፊት የጠፋው ነው። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2013 ባወጣው ጥናት በአገሪቱ ከተሠሩት ረዣዥም ድምፅ አልባ ፊልሞች 70 በመቶው ጠፍተዋል። በ1937 በኒው ጀርሲ የአንድ ስቱዲዮ የፊልም መጋዘን ሲቃጠል የአንዳንድ ተዋንያን የሥራ ዘመን በሞላ ጎደል አብሮ ነድዷል።

አሁን ወደ ሆኪው ልምጣ፤ እዚህ ላይ ዘለግ እላለሁ፤ ጸሐፊው የጻፉት ከሌሎቹ ነጥቦች ሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ ይህ ስለሆነ። «ሄልሜት ከመምጣቱ በፊት ፊታቸውን እናይ ነበር፤ ወንድነታቸው ይታይ ነበር» ይላሉ። ፊታቸው ይታይ እንደነበር አልክድም። በሰሜን አሜሪካው ብሔራዊ የሆኪ ሊግ የሞንትሪያል በረኛ የነበረው ዣክ ፕላንት ኅዳር 1 ቀን 1959 በኒው ዮርክ ፓኩ (በዱላ የሚመታው የጎማ ክብ) ፊቱን ሰንጥቆት ከተሰፋ በኋላ ያለ ጭምብል ወደ በረዶው አልመለስም አለ፤ አሰልጣኙ ቶ ብሌክ በረኛ ጭምብል ማድረጉን የማይወዱ ሰው ነበሩ፤ ተጠባባቂ በረኛ ስላልነበራቸው ግን ፈቀዱ። ቡድኑ በዚያው ምሽት 3 ለ 1 አሸነፈ፤ በውድድር ዘመኑ መጨረሻም የሊጉ ሻምፒዮን የሚወስደውን የስታንሊ ዋንጫን ለአምስተኛ ተከታታይ ጊዜ ወሰደ። ጭምብሉ ከድፍረቱም ከብቃቱም ምንም አልቀነሰበትም።

የቢል ማስተርተን ዕጣ ግን እንዲህ አልነበረም። የሚኔሶታ ኖርዝ ስታርስ ተጫዋች ነበር፤ ጥር 13 ቀን 1968 ያለ ሄልሜት ሲጫወት ተገፍቶ ወደ ኋላ ወደቀና ጭንቅላቱ በረዶውን መታ፤ ከሁለት ቀን በኋላ አረፈ። ዕድሜው 29 ነበር። ሊጉ ለአዲስ ገቢ ተጫዋቾች ሄልሜትን ግዴታ ያደረገው ከ11 ዓመት በኋላ፣ በ1979 ነው፤ ቀድመው የፈረሙት ግን ከፈለጉ ሳያደርጉ እንዲቀጥሉ ስለተፈቀደላቸው ያለ ሄልሜት የሚጫወተው የመጨረሻው ተጫዋች ክሬግ ማክታቪሽ ጫማውን የሰቀለው በ1997 ነው። እዚህ ካናዳ ልጄ በሠፈራችን ቡድን በረኛ ናት፤ ቅዳሜ ጠዋት ጭምብሏን አጥብቄ የማስርላት እኔ ነኝ። ስለዚህ የተጫዋች ፊት አለመታየቱ ጨዋታውን እንዳጎደለው የሚያስረዳ ክርክር ሲቀርብልኝ ልቀበለው አልችልም።

«የወንዶች ጨዋታ» የሚለው ቃልም እዚሁ ይነሳ። የሴቶች ፕሮፌሽናል ሊግ የመጀመሪያ ጨዋታውን ጥር 1 ቀን 2024 በቶሮንቶ አደረገ፤ በዚያው ዓመት ሚያዝያ 20 ቀን ሞንትሪያል ላይ ቶሮንቶና ሞንትሪያል ሲገናኙ 21,105 ተመልካች ገባ። ጸሐፊው የሚናፍቁት ሊግ ደግሞ የዓለም ምርጦች ሁሉ የተሰባሰቡበት አልነበረም። የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ዊሊ ኦሪ ለቦስተን የተሰለፈው በ1958 ነው፤ የሶቪየት ኮከቦች በመንግሥታቸው ፈቃድ መምጣት የጀመሩት በ1989 ነው። በሚያዝያ 2025 አሌክሳንደር ኦቬችኪን 895ኛ ጎሉን አግብቶ የዌይን ግሬትስኪን የ894 ጎል ክብረ ወሰን ሲሰብር ተመልካቹ በሙሉ ቆሞ አጨበጨበ፤ ይህ የሞስኮ ልጅ ከ30 ዓመት ቀድሞ ቢወለድ ኖሮ ምርጥ ዘመኑን በሞስኮ ክለብ በጨረሰው ነበር።

ቁጥርና ስሌት ጨዋታውን አደረቁት፣ ጎልም አሳጡት የሚለው ክስ በራሱ በቁጥሩ ይፈርሳል። በ1981–82 በአንድ ጨዋታ በአማካይ 8 ገደማ ጎል ይገባ ነበር። በ2003–04 ወደ 5 ገደማ ወረደ። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ከ6 በላይ ሆኗል። ዝቅተኛው ጊዜ የመጣው የዛሬው ዓይነት ስሌት በየክለቡ ከመስፋፋቱ በፊት ነው፤ ምክንያቱም አሰልጣኞች መሐል ሜዳውን በተከላካይ መዝጋታቸው፣ ዳኞች በዱላ መጎተትንና መያዝን ዝም ብለው ማለፋቸውና የበረኞች ትጥቅ እጅግ መተለቁ ነበር። በ2004–05 በባለቤቶችና በተጫዋቾች ክርክር ምክንያት ሙሉው የውድድር ዘመን ሳይካሄድ ቀረ፤ ከዚያ በኋላ ረጅሙ ቅብብል ተፈቀደ፣ የበረኞች ትጥቅ ተቀነሰ፣ ዳኞችም መጎተትን መቅጣት ጀመሩ። ጨዋታውን ያደረቀው ሰው ነበር፤ ያስተካከለውም ሰው ነው።

በ1999 የፍጻሜ ጨዋታ ዳላስ ቡፋሎን በሦስተኛው ተጨማሪ ሰዓት ያሸነፈበትን ጎል «ካሜራ ፍትሕ እንደማያመጣ ማረጋገጫ» አድርገው አቅርበዋል። የብሬት ኸል እግር በበረኛው ክልል ውስጥ መሆኑን ያሳየን ካሜራው ነው። አወዛጋቢው ነገር በዚያ ክልል ውስጥ መግባትን የሚመለከተው ደንብና አተረጓጎሙ ነበር፤ ሊጉም ያንኑ ደንብ በበጋው ትቶታል። ማሽኑ ያየውን ተናግሯል፤ ጥፋቱ በደንብ አውጪዎቹ ነው።

በአንድ ነገር ግን ከጸሐፊው ጋር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ከ1996 እስከ 1998 አንድ የአሜሪካ ቴሌቪዥን ጣቢያ ፓኩን ለሁለት አስሰንጥቆ መሣሪያ በመቅበር ስክሪኑ ላይ ሰማያዊ ብርሃን እንዲከበው፣ በፍጥነት ሲመታ ደግሞ ቀይ ጭራ እንዲያወጣ አድርጎ ነበር። የታሰበው እንደ እኔ ላለ አዲስ ተመልካች ነው፤ ስለዚህ አስተያየቴን ልስጥ። ፓክ ዲያሜትሩ 7.6 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 2.5 ሴንቲ ሜትር የሆነ የጎማ ክብ ነው፤ በበረዶ ላይ በሰዓት ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ሊበር ይችላል፤ ካናዳ በገባሁበት የመጀመሪያው ብርድ ወቅት ጭራሽ አይታየኝም ነበር። ያስተማረኝ አጠገቤ የተቀመጠ አንድ ሽማግሌ ነው፤ ፓኩን አትፈልግ፣ የተጫዋቾቹን ትከሻና ዱላ ተከተል፣ ፓኩ ራሱ ይመጣልሃል አሉኝ። በአንድ ወር ውስጥ ጨዋታው ተገለጠልኝ። ያ ሰማያዊ ብርሃን ዓይንን ወደ ፓኩ ብቻ ስለሚጎትት አዲስ ተመልካች ጨዋታውን እንዳይማር ያግደው ነበር።

የመጨረሻው ነጥብ ጌም ነው፤ ጸሐፊው ወደ እውነቱ በጣም የቀረቡትም እዚህ ነው። በመጀመሪያ ግን «ተጠናቆ ይሸጥ ነበር» የሚለው መታረም አለበት። አታሪ የተባለው የጌም ኩባንያ በ1982 ያወጣው የኢ.ቲ. ጌም ለገና ገበያ እንዲደርስ በአምስት ሳምንት ገደማ የተሠራ ነው፤ አልሸጥ ብሎ ከሌሎች ካሴቶች ጋር በ1983 በኒው ሜክሲኮ አላሞጎርዶ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ተቀበረ፤ በ2014 ጉድጓዱ ተቆፍሮ 1,300 ገደማ ካሴት ወጥቷል። በፓክማን 256ኛው ዙር ላይ የስክሪኑ ግማሽ በተዘበራረቁ ምልክቶች ይሞላል፤ ደረጃውን የሚቆጥረው 8 ቢት ብቻ ስለነበርና ከ255 በላይ መቁጠር ስለማይችል ነው። ዛሬ እንዲህ ያለ ስህተት በአፕዴት ይታረማል፤ ያኔ ግን እንዳለ ይቀር ነበር። ጸሐፊው አብዝተው የሚወዱት የሆኪ ጌምም ቢሆን በ1992 የወጣው እትም የተጫዋቾቹን ስም እንጂ የክለቦቹን ስምና ዓርማ አልያዘም፤ ሁለቱን አሟልቶ የመጣው የ1993ቱ ነው፤ የጎደለውን ለማግኘት ገዢው እንደገና ሙሉ ዋጋ ይከፍል ነበር።

ስለ ባለቤትነት የተናገሩት ግን እውነት ነው፤ ከእርሳቸውም በላይ አጥብቄ እናገረዋለሁ። በ2014 የወጣው ዘ ክሩ የተባለ የመኪና ውድድር ጌም በመጋቢት 2024 ሰርቨሩ ሲዘጋ ዲስኩን በገንዘቡ የገዛ ሰው እንኳ ለብቻው ሊጫወተው አልቻለም። በዚህ የተቆጡ ተጫዋቾች በአውሮፓ ኅብረት የጀመሩት የፊርማ ዘመቻ በ2025 ከአንድ ሚሊዮን አልፏል፤ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ የተሸጠ ነገር ከገዢው እጅ ሊነጠቅ አይገባም። ይሁን እንጂ ጥፋቱ የኮምፒውተሩ አይደለም፤ የሽያጭ ውሉና ውሉን የሚፈቅደው ሕግ ነው። በ2023 የወጣ አንድ ጥናት ከ2010 በፊት በአሜሪካ ከወጡት ጌሞች 87 በመቶው በገበያ ላይ እንደማይገኙ አሳይቷል። ጸሐፊው ወርቃማ በሚሉት ዘመን የተሠሩት ጌሞችም ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ከመጥፋት እየታደጓቸው ያሉት የካሴቶቹን ይዘት ቀድተው በዘመናዊ ኮምፒውተር ላይ እንዲሠሩ የሚያደርጉ አድናቂዎች ናቸው።

ካሴትም ዘላለማዊ አይደለም። ጸሐፊው በመጨረሻው አንቀጻቸው ላይ ከሟች ወንድማቸው ጋር የተጫወቱት የውድድር ዘመን የተመዘገበበት ካሴት እስከ ዛሬ መደርደሪያቸው ላይ እንዳለ፣ በየዓመቱም አንድ ቀን ከፍተው እንደሚያዩት ነግረውናል። ይህን ሳነብ ተጨነቅሁ። እንዲህ ያለው ካሴት ምዝገባውን የሚይዘው ውስጡ በተበየደች፣ ሳንቲም በምታክል የ3 ቮልት የሊቲየም ባትሪ ነው፤ ባትሪዋ ስትደክም ምዝገባው ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ይጠፋል፤ ከ30 ዓመት በላይ የቆየች ባትሪ ደግሞ ዕድሜዋን ጨርሳለች ማለት ይቻላል። ባትሪዋን ዝም ብሎ መቀየርም አይሆንም፤ በተነቀለችበት ቅጽበት ምዝገባው አብሮ ይሄዳልና። መጀመሪያ ካሴቱን በዩኤስቢ ከኮምፒውተር ጋር በሚያገናኝ ማንበቢያ ምዝገባውን መቅዳት፣ ቅጂውን በሁለት ቦታ ማስቀመጥ፣ ከዚያ ባትሪዋን መቀየርና ምዝገባውን ወደ ካሴቱ መመለስ ያስፈልጋል። ማንበቢያው እኔ ዘንድ አለ። ጸሐፊው ፈቃዳቸው ከሆነ በፖስታ እልክላቸዋለሁ፤ እስከዚያው ግን ካሴቱን እንዳይፈቱት፣ ባትሪዋንም እንዳይነኳት አደራ እላለሁ።